«መርፌ የነካው ነው?»፦ ከበሬው አንጀት እስከ ገበታችን

ለፋሲካ ቅርጫ በገባን ቁጥር አንድ ጎረቤታችን የማይተዋት ጥያቄ አለች። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። በሬው ግቢ ውስጥ ታስሮ ሳለ አንድ ሁለቴ ይዞሩትና ገዝቶ ያመጣውን ልጅ «አንተ፣ ይሄ መርፌ የነካው ነው?» ይሉታል። ልጁም «ኧረ ጋሼ! ሳርና አገዳ ብቻ ነው የበላው» ብሎ ይምልላቸዋል። በሬውን ያገኘው ትናንት ነው፤ ያውም ከደላላ እጅ። ግን ሁላችንም እፎይ ብለን ቢላ መሳል እንጀምራለን።

የጋሼ ስጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሦስት ቄራዎች ከታረዱ ከብቶች 384 የሥጋና የኩላሊት ናሙናዎችን ወስዶ ነበር። ከነዚህ ውስጥ 71 ከመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ቅሪት ተገኝቷል። ልብ በሉ፣ «ተገኝቷል» ማለት ሁሉም ከተፈቀደው መጠን በላይ ነው ማለት አይደለም። ቢሆንም ሳርና አገዳ ብቻ የበላ በሬ ውስጥ ይሄ ነገር ምን ይሠራል?

ቅሪት ግን ጊዜ ካገኘ ከእንስሳው ሰውነት ይወጣል። ለዚህ ነው ብዙው የከብት መድኃኒት «ከተወጋ ይህን ያህል ቀን ሳይሞላው አይታረድ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያለው። አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጠው ቆይቶ ለሚሠራ ኦክሲቴትራሳይክሊን 28 ቀን ነው። መድኃኒቱ ከሄደ በኋላ አንጀት ውስጥ የሚቀረው፣ መድኃኒቱን የለመደው ባክቴሪያ ግን ሕይወት አለው። ይባዛል። ከበሬ ወደ ሰው ይሻገራል። 28 ቀን ቆጥረህ አታስወጣውም። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

መቼም ብዙ ሰው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ሲል ትሰማላችሁ። ሰውነት አንቲባዮቲክ አይለምድም። የሚላመደው ባክቴሪያው ነው። ሲላመድ ደግሞ የማን ሰውነት ውስጥ እንደተላመደ አይመርጥም፤ የበሬም ይሁን የሰው።

በ1983 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ፣ በአራት ግዛቶች ውስጥ 18 ሰዎች ሳልሞኔላ በሚባል ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ፣ በአንድ ዓይነቱ፣ ታመሙ። ባክቴሪያው ለአምፒሲሊንም፣ ለካርበኒሲሊንም፣ ለቴትራሳይክሊንም የማይበገር ነበር። 11 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ በአማካይ ስምንት ስምንት ቀን ተኙ። አንዱ እዚያው ሆስፒታል ውስጥ በያዘው ኢንፌክሽን ሞተ።

አሁን እዩት። ከ18ቱ ውስጥ 12ቱ ተቅማጡ ከመጀመሩ አንድ ሁለት ቀን በፊት የፔኒሲሊን ዘመድ የሆነ መድኃኒት እየወሰዱ ነበር። ለተቅማጥ አይደለም፤ ለሌላ ሕመም። ላይ ላዩን ሲታይ መድኃኒቱ ነው ያሳመማቸው ያሰኛል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሰዎቹ ባክቴሪያውን ቀደም ብለው ከሃምበርገር ጋር ውጠውታል። አንጀታቸው ውስጥ ያሉት ሌሎች ባክቴሪያዎች፣ ማለትም የቤቱ ነዋሪዎች፣ ቦታ ነስተውት ተሸሽጎ ተቀምጧል። መድኃኒቱ ሲመጣ ነዋሪዎቹን አጨዳቸው። እሱን ግን አልነካውም። ሜዳው ለብቻው ሆነለት።

ሃምበርገሩ የመጣው ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ካሉ የሥጋ ከብቶች ነበር። ተመራማሪው ስኮት ሆልምበርግና ባልደረቦቹ የባክቴሪያውን የዘር አሻራና የሥጋ ማከፋፈያ መዝገቦችን ተከትለው ነው እዚያ የደረሱት። ጥናቱ በ1984 ታተመ። ከብቶቹ ታመው አልነበረም መድኃኒት የተሰጣቸው። ቶሎ እንዲደልቡ ክሎርቴትራሳይክሊን በትንሽ በትንሹ ከመኖ ጋር ይበሉ ነበር።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ጋ ይይዘኛል። ከብቶቹ የበሉት የቴትራሳይክሊን ወገን ነው። ሰዎቹ የወሰዱት የፔኒሲሊን ወገን ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ታዲያ በአንዱ የለመደ ባክቴሪያ ሌላውን እንዴት ቻለው?

መልሱ ያለው ፕላዝሚድ የሚባል ነገር ላይ ነው። ባክቴሪያ ከዋናው ዲኤንኤው ሌላ ትንሽዬ፣ ብዙውን ጊዜ ቀለበት የመሰለ ዲኤንኤ ሊይዝ ይችላል። ይህን ቀለበት ቀድቶ ለጎረቤቱ ያቀብላል። ጎረቤቱ የሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ቢሆንም ግድ የለውም። ኢ.ኮላይ የሚባል አንድ ጉዳት የማያደርስ የአንጀት ባክቴሪያ ለክፉው ሳልሞኔላ ሊያቀብል ይችላል ማለት ነው። ለዚህ ዓይነት ልውውጥ ደግሞ ከአንጀት የበለጠ መርካቶ የለም፤ ሁሉም ተጨናንቆ፣ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍቶ የሚውልበት ቦታ ነው።

አንድ ፕላዝሚድ ላይ ደግሞ ለብዙ መድኃኒት መቋቋሚያ የሚሆኑ ጂኖች አብረው ሊጫኑ ይችላሉ። ስኳር ሲጠፋ ባለሱቁ «ሳሙናውንም ካልወሰድክ አልሸጥልህም» እንደሚለው ነው። ቴትራሳይክሊን የሚበላ ከብት አንጀት ውስጥ የቴትራሳይክሊን መቋቋሚያ ያለው ባክቴሪያ ያሸንፋል። አብሮት የተጫነው የፔኒሲሊኑ መቋቋሚያም አብሮ ያሸንፋል፤ ፔኒሲሊን የሚባል ነገር እዚያ ሳይደርስ።

ዴንማርኮች ይህን በተግባር አይተውታል። አቮፓርሲን የተባለውን የመኖ አንቲባዮቲክ በ1995 ከለከሉ። የዚህ መድኃኒት ዘመድ የሆነው ቫንኮማይሲን ሆስፒታል ውስጥ የመጨረሻ መጠጊያ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዶሮዎቹ ላይ መቋቋሙ ቀነሰ። አሳማዎቹ ላይ ግን አልነቃነቅ አለ። ለካ አሳማዎቹ ታይሎሲን የሚባል ሌላ መድኃኒት መብላታቸውን አልተዉም፤ ሁለቱ መቋቋሚያዎች ደግሞ አንድ ላይ የታሰሩ ናቸው። በ1998 ታይሎሲኑም ለእድገት ተብሎ መሰጠቱ ሲቆም ነው የወረደው።

ስለ በሬ እያወራ ዶሮ ምን አስገባው እንዳትሉኝ እንጂ ከሁሉም የምወደው ሙከራ የአሜሪካዊው ተመራማሪ የስቱዋርት ሌቪ ነው። ሰውየው ቦስተን አጠገብ ባለች አንድ የቤተሰብ እርሻ ላይ ዶሮዎች አስቀምጦ ከፊሎቹን ኦክሲቴትራሳይክሊን ያለው መኖ አበላ፤ ከፊሎቹን አላበላም። ውጤቱ በ1976 ታተመ። በአንድ ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን የበሉት ዶሮዎች አንጀት መድኃኒቱን በሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ተሞላ። ይህ ብዙም አይገርምም። የሚገርመው ከአምስት ስድስት ወር በኋላ እርሻው ላይ ከሚኖሩት ሰዎች በየሳምንቱ ከተወሰደው የሰገራ ናሙና 31 ከመቶው በነዚሁ ባክቴሪያዎች የተሞላ ሆኖ መገኘቱ ነው። የጎረቤቶቻቸው 7 ከመቶ ገደማ ነበር። ዶሮዎቹ ገና መኖ እየበሉ ነው እንጂ አልታረዱም፤ ነገሩ የመጣው በመኖውና በኩሱ፣ በእጅና በአቧራ ሳይሆን አይቀርም። ይኸው ሌቪ ኋላ በ1980 ከባልደረቦቹ ጋር ባክቴሪያው ቴትራሳይክሊንን እንዴት እንደሚቋቋም አሳየ። ፓምፕ አለው። ውኃ የገባባት ጀልባ ውስጥ ያለ ሰው በባልዲ እየቀዳ እንደሚደፋው፣ መድኃኒቱ በገባ ቁጥር ወደ ውጭ ይደፋዋል።

የአሜሪካን በሬ ዛሬ ምን ይበላል? ከመታረዱ በፊት ያሉትን የመጨረሻ ወራት በአብዛኛው በቆሎ። በሬ የተሠራው ለሳር ነው። እህል ሲበዛበት ሆዱ ውስጥ አሲድ ይበዛል፤ የጨጓራው ግድግዳ ይቆስላል፤ በቁስሉ በኩል ባክቴሪያ ሾልኮ በደም ጉበቱ ላይ ይደርስና መግል ይቋጥራል። ጉበቱ ይጣላል፤ በሬውም እንደሚፈለገው አይደልብም። መፍትሔው ምን ሆነ? በየቀኑ መኖው ላይ ታይሎሲን መጨመር። ይህ መድኃኒት የኤሪትሮማይሲንና የአዚትሮማይሲን የቅርብ ዘመድ ነው። አዚትሮማይሲንን ደግሞ እኛ አገር ለትራኮማ በዘመቻ ሲታደል ያልዋጠ ገጠር የለም።

ከጥር 2017 ጀምሮ አሜሪካ ለሰው የሚያገለግሉ አንቲባዮቲኮችን ለማደለቢያ ብቻ መስጠትን አቁማለች። አውሮፓ ቀድሟት በ2006 ከልክሏል። ሽያጩ ከ2016 ወደ 2017 በ33 ከመቶ ወረደ። ደስ ይላል። በቀጣዩ ዓመት ግን 9 ከመቶ መልሶ ወጣ። ከሚሸጠው ውስጥ የከብት ድርሻ ከ40 ከመቶ በላይ ነው። ታይሎሲኑስ? አለ። የጉበት መግል «በሽታ» ስለሆነ መከላከያው አልተከለከለም፤ የእንስሳት ሐኪም ፊርማ ብቻ ተጨመረበት። እንደኔ እንደኔ ይሄ ማጭበርበር ባይባልም ከዚያ ብዙም አይርቅም። በሽታው የመጣው ከአመጋገቡ ነው። አመጋገቡን ሳትነካ መድኃኒቱን «ሕክምና» ብትለው ባክቴሪያው ስሙን አያነብም። ዋሽንግተንና ዳላስ ያሉ ወገኖቻችን ቅዳሜ ማታ የሚቆርጡት ሥጋም በአብዛኛው ከዚሁ በሬ ነው።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ያህል አንድ ነገር ልበል። መቋቋሚያ ጂን የሰው ፈጠራ አይደለም። ካናዳ፣ ዩኮን ውስጥ 30,000 ዓመት በረዶ ሆኖ ከቆየ አፈር ውስጥ ቴትራሳይክሊንና ፔኒሲሊንን የሚቋቋሙ ጂኖች ተገኝተዋል። መድኃኒት ቀምሰው የማያውቁ ከብቶች አንጀት ውስጥም አሉ። ሆስፒታል ውስጥ ለምናየው ችግርም ትልቁ ተጠያቂ በሬው ሳይሆን ሰው ራሱ መድኃኒት የሚወስድበት መንገድ ነው። በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰው መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ሳቢያ እንደሞተ ተገምቷል፤ ከሕዝብ ብዛት አንጻር ሲታይ የከፋው ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ላይ ነው። ስንቱ ከከብት፣ ስንቱ ከፋርማሲ መጣ ብሎ ቆጥሮ የሚያስረክብ የለም። በሬው ግን ከሒሳቡ ውስጥ አለ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት አላት። «የኛ ከብት መድኃኒት የት አግኝቶ!» የሚል ሰው አታጡም። እውነት አለው፤ ግማሽ እውነት። እንደ አሜሪካ በቶን አንሰጥም። ችግራችን አሰጣጣችን ላይ ነው።

የኦክሲቴትራሳይክሊን መርፌ የተለመደው ልክ ለ10 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ነው። 400 ኪሎ የሚመዝን ሰንጋ 40 ሚሊ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ባለ 100 ሚሊ ብልቃጥ ከሁለት ሰንጋ ተኩል በላይ አያክምም። ገበሬው ሚዛን የለውም፤ በዓይኑ ይገምታል። ብልቃጡ ውድ ነው፤ ለአምስት በሬ ይበቃል ብሎ ያስባል። ስለዚህ 20 ሚሊ ወግቶ «ተሻለው» ሲል ያቆማል። የማይገድል መጠን ደግሞ ለባክቴሪያ የልምምድ ሜዳ ነው። ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘ ሰው ሆኖ ሳለ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ያስጠነቀቀው ይህንኑ ነበር።

ደግሞ ለማያስፈልግ ነገር ይወጋል። አፍተግር ቫይረስ ነው፤ ኦክሲ አይነካውም። አንዳንዴ በቁስሉ ላይ ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይደርብ ተብሎ መሰጠቱ ምክንያት አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚሰጠው መርፌ ያልተወጋ በሬ ያልታከመ ስለሚመስል ነው። እኛም ክሊኒክ ሄደን መርፌ ካልተወጋን ገንዘባችን የተበላ አይመስለንም? ያው ነን። «መርፌው ጡንቻ ላይ ነው፤ አንጀት ምን አገባው?» እንዳትሉ ደግሞ። ቴትራሳይክሊን ከደም በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይወርዳል። ለሳንባው የተወጋው አንጀቱንም ያዳርሳል።

አዳማ አካባቢ ያሉት ማድለቢያዎች ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ናቸው። ከቦረና የመጡ ኮርማዎች ተሰብስበው ለጥቂት ወራት ፉርሽካና ፋጉሎ እየበሉ ይደልቡና ወደ ዓረብ አገራት ይላካሉ። ከተለያየ ቦታ የመጡ፣ በጉዞ የደከሙ ከብቶች አንድ በረት ሲገቡ በሽታ ይጋባባቸዋል፤ ይታመማሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ መርፌ የሚበዛው በክፋት አይደለም። የሐረርጌ ገበሬ አንድ ሁለት ሰንጋ እቤቱ አስሮ አገዳ በእጁ እያጎረሰ የሚያደልብበት ዘዴ አዝጋሚ ነው፤ መግል የቋጠረ ጉበት ግን ብዙም አያውቅም። ማድለቢያው እየሰፋ ሲሄድ በቆሎውን ከአሜሪካ ስንኮርጅ ታይሎሲኑንም አብረን እንዳንኮርጅ እፈራለሁ።

አንጀት ውስጥ ያለው ነገር ሥጋው ላይ የሚደርሰው እርድ ላይ ነው። የጤነኛ በሬ ጡንቻ ውስጡ ንጹሕ ነው። ባክቴሪያው ያለው ፈርሱ ውስጥ፣ እበት የነካው ቆዳ ላይ፣ ከዚያም ቢላና እጅ ላይ ነው። ቆዳው ሲገፈፍ፣ አንጀቱ ሲጎተት፣ የሥጋው ላይኛ ገጽ ይበከላል። ቁርጥ ሲሆን ጣጣው ገጹ ላይ ይቀራል። ክትፎ ሲሆን ግን ገጹ ከውስጡ ጋር ተከትፎ ይደባለቃል፤ የሃምበርገሩም ችግር ይኸው ነበር። ዱለትን አታንሱብኝ፤ ጨጓራው ራሱ ነው።

«ሚጥሚጣው ይገድለዋል፣ አረቄው ያጥበዋል» የሚባለው ለጨዋታ ካልሆነ አይሠራም። ከጥሬ ሥጋ ጋር የቆየ ጠባችን ከኮሶ ጋር ነበር፤ ኮሶን ሥጋውን በደንብ አቀዝቅዞ ቀናት ማቆየት ይገድለዋል። ባክቴሪያን ግን ፍሪዘር አያጠፋውም፤ ያስተኛዋል እንጂ። የሚገድለው እሳት ነው። የተፈጨ ሥጋ መሐሉ ድረስ 71 ዲግሪ ሲደርስ ያበቃለታል። መድኃኒት የሚቋቋመው ባክቴሪያ እሳትን አይቋቋምም፤ ፓምፑ ለእሳት አልተሠራም። ለብ ለብ ግን፣ ስሙ እንደሚለው፣ ለብ ነው።

ሥጋ ባይበሉም የሚያመልጡ አይምሰላችሁ። በጾም ወራትም እበት ይዛቃል፤ ኩበት ይጠፈጠፋል፤ ቤት ይለቀለቃል፤ ጎመን ማሳ ላይ ፍግ ይበተናል። የሌቪ እርሻ ላይ የነበሩትን ሰዎች ያገኛቸው በእንዲህ ያለው መንገድ ሳይሆን አይቀርም።

የአሜሪካውን የሃምበርገር ታሪክ እኛ ገበታ ላይ ላስቀምጠው። ቅዳሜ ቁርጥ። ሰኞ ጉሮሮ ይከረክራል። ማክሰኞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ከሰፈር መድኃኒት ቤት፣ አሞክሳሲሊን። ሐሙስ ተቅማጥ። «ቁርጡ አይሆንም፣ አምስት ቀን አልፎታል» ትላለህ።

ቢሾፍቱ ላይ ከ1964 ጀምሮ የእንስሳት ክትባት የሚያመርት ብሔራዊ ተቋም አለን። የተከተበ ከብት መርፌ አይፈልግም፤ ቢያንስ ለዚያ በሽታ። ነገር ግን ክትባት በዘመቻ እስኪመጣ ይጠበቃል። ኦክሲው ገበያ ላይ፣ ከጨውና ከገመዱ ጎን አለ። እኔ ሥልጣን ቢኖረኝ ስለ መድኃኒት መላመድ ከሚደረገው የሆቴል ስብሰባ ግማሹን ሰርዤ ክትባቱን ቀበሌ ድረስ ማቀዝቀዣ ይዞ በሚሄድ ሞተር ሳይክል እቀይረው ነበር። ሥልጣን ግን የለኝም።

ባለፈው ፋሲካ በሬያችንን ሲበልት የነበረው ልጅ ቢላው ስቶት ጨጓራውን ነካው። አረንጓዴው ፈርስ ኮባው ላይ፣ ከዚያም ዳር የተቀመጠው ሥጋ ላይ ፈሰሰ። አንዱ በጨርቅ ጠረገው። ጋሼ ነጠላቸው እንዳይነካ ወንበራቸውን ፈቀቅ አደረጉ። በዚያው ቢላ ቀጠለ። መደቡ ተደለደለ፤ ዕጣ ወጣ። ዳር ላይ ያለው መደብ ለእኔ ደረሰኝ። ቤት ወስጄ እስኪጠቁር ጠበስኩት። ጋሼ እስካሁን «ይሄ ልጅ ሥጋ አይገባውም» ይላሉ።